የአቶ ቢተው ፈቃድ

አንገተ ደፊዋ ስንዱ ለማንም ተናግራው የማታውቅ አንድ ምሥጢር አላት። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች የምትጠብቀው እሷ ናት። የይለፍ ቃል መቀየሪያው ፕሮግራም ቀዳዳ እንዳለው ካወቀች ሰንብታለች፤ በዚያ የሾለከ ተራ ጸሐፊ ሁሉ የሥራ አስኪያጁን ሥልጣን ይይዛል። ሌላ ሰው ሳይደርስበት ልድፈነው ብላ ብትጠይቅ፣ ሥራ አስኪያጁ አቶ ቢተው በስብሰባ መሐል ደነፉባት።

«ስሚ አንቺ! እዚህ ቤት ያለ እኔ ፈቃድ ዝንብ እንኳ አትገባም። ሳልፈቅድልሽ ብትነኪው ትባረሪያለሽ!»

ስንዱ መሬት መሬት እያየች፣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ፈቃድ የሚያስፈልገው ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እኮ ሁላችንም እርስዎ ነን» አለች።

ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ፤ አቶ ቢተውም ሳይወዱ ስቀው ፈቀዱላት።

በማግስቱ ጠዋት ቀዳዳውን ደፈነች። ከዚያም ሦስት ዓመት ሙሉ በዚያው ሾልካ ለራሷ ስታጸድቀው የኖረችውን የዕረፍት ቀን ልትለምን፣ ቅጽ ሞልታ በራቸውን አንኳኳች።