የአቶ ምናላቸው አዲስ ኤዲተር

አቶ ምናላቸው የአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ሆነው እንደተሾሙ ለፕሮግራመሮቹ አዲስ የኮድ መጻፊያ ኤዲተር አስገዙ። ኤዲተሩ ያሸበረቀ ነው፤ ሳይጠየቅ መስመር ያስተካክላል፤ ትርፍ የመሰለውን ባዶ ቦታ ይሰርዛል። ትኬት የሚቆርጠው ሲስተም ግን የሠላሳ ዓመት ነው፤ ኮዱ ውስጥ አንዲት ባዶ ቦታ ከተነካችበት ቀጥ ይላል። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ቆመና ተሳፋሪው መናኸሪያ ተገትሮ ዋለ። ሦስቴም ያስነሳችው አንዲት ፕሮግራመር ነበረች፤ አልተውም ባለችው በአሮጌው ጥቁር ኤዲተሯ።

አቶ ምናላቸው ማመስገኑን ትተው በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ።

«ኤዲተርሽ በዕድሜ ይበልጥሻል! ለምን እንደማትተዪው እዚህ ሁሉ ሰው ፊት አስረጂ፤ ካልሆነ መልቀቂያሽን ጻፊ!»

«ባለቤትዎን ሲያጩ ወደ አማትዎ ቤት ማንን ላኩ?» አለቻቸው።

«ሽማግሌ ነዋ!»

«ዘናጭ ጎረምሳ ሞልቶ?»

«ጎረምሳማ ‹ተቀመጡ› እስኪባል ቆሞ መጠበቅ መች ያውቅና!»

«እኔም ሽማግሌ የላክሁት ለዚሁ ነው» አለች። «የእርስዎ ጎረምሳ ትናንት ሦስት ጊዜ ገብቶ፣ ሦስቴም የአማትዎን ጺም ሊያበጥር ተነሣ።»