የጭራቁ መስታወትና የእንጉዳይ የቤት ስም

ቀረብ በሉ ልጆች። የሚፈራ መሃል ይቀመጥ፣ የማይፈራ በሩን ይጠብቅ። በሩ ጋ የሄደ የለም? እንግዲያው ሁላችሁም ስሙ።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ከዛፍ ሲያወጋ፣ ድንጋይ እንቅልፉ መጥቶ ሲያዛጋ፣ አንጓች የምትባል ልጅ ነበረች። እንጉዳይ የምትባል ትንሽዬ እህት አለቻት። እናታቸው ገበያ ስትሄድ እንጉዳይ ከውስጥ የበሩን መወርወሪያ ትወረውራለች። እናት ተመልሳ «ድንቡሼ፣ ክፈችልኝ» ስትል ብቻ ትከፍታለች። ድንቡሼ የእንጉዳይ የቤት ስም ነው፤ ከሦስቱ በቀር የሚያውቀው የለም። በዚያ አገር ደግሞ ጭራቅ አለ። ጉልበቱ ለጉድ ነው፤ ግን በር ከውስጥ ካልተከፈተለት የሰው ደፍ መርገጥ አይችልም።

አንድ የገበያ ቀን አንጓች ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ምንጩ ዳር የሚያበራ መስታወት ወድቆ አገኘች። ብታነሳው ተናገረ።

«እንኳን ደስ አለሽ! ከልጆች ሁሉ ተመርጠሻል። የብር አልቦ፣ በነፃ! ገንዘብ አልፈልግም፣ አንዲት ቃል ብቻ። ቤትሽ የት ነው?»

«ከዋርካው ሥር» አለች አንጓች። ይሄን መናገር ምን አለበት?

«አልቦው መንገድ ላይ ነው» አለ መስታወቱ። «እንኳን ደስ አለሽ! ከልጆች ሁሉ ተመርጠሻል። የሐር ቀሚስ፣ በነፃ! ገንዘብ አልፈልግም፣ አንዲት ቃል ብቻ። እናትሽ መቼ ትመለሳለች?»

«ጀንበር ስታዘቀዝቅ።»

«ቀሚሱም መንገድ ላይ ነው።»

አንጓች መንገዱን አየች፤ የሚመጣ ነገር የለም። እሷ ግን በሐሳቧ ቀሚሱን ለብሳ መሽከርከር ጀምራለች።

«እንኳን ደስ አለሽ! ከልጆች ሁሉ ተመርጠሻል። ለታናሽ እህትሽ የምትስቅ አሻንጉሊት፣ በነፃ! ገንዘብ አልፈልግም፣ አንዲት ቃል ብቻ። ስሟን እንድጠልፍበት፣ እናትሽ ስትመጣ ምን ብላ ትጠራታለች?»

«ድንቡሼ!»

ቃሉ ካፏ እንደወጣ መስታወቱ ደበዘዘ። በቀሚሷ ጠረገችው፤ አልጠራ አለ። እርጥበቱ ከውስጥ በኩል ነበር። ምራቅ ነው። ከምራቁ ኋላ ሁለት ቀይ ዓይኖች ይስቃሉ።

እንጉዳይ ብቻዋን ናት፤ ስሟን አሳልፋ የሰጠችው ደግሞ የገዛ እህቷ። ግን አንጓች ፈሪም ብትሆን ቂል አይደለችም። ድምጿን አለሰለሰች።

«አባባ፣ ስሙ ብቻውን እኮ በር አያስከፍትም።»

ሳቁ ቆመ። «ሌላ ምን አለ?»

«ልንገርዎ? በነፃ ነው። ከቤቱ ጀርባ፣ ከግድግዳው ጋር የተጠጋ በጭቃ የተመረገ ድብልብል ነገር አለ። ቀዳዳ አለው። እናቴ አፏን ቀዳዳው ላይ ለጥፋ፣ ጮክ ብላ ሦስት ጊዜ ትጠራለች።»

በነፃ የተባለን ነገር ማን ይመረምራል? ቀይ ዓይኖቹ ከመስታወቱ ጠፉ፤ ጭራቁ ብድግ ብሎ ወደ ዋርካው ሄደ። አንጓች መስታወቱን ድንጋይ ላይ ፈጥፍጣ፣ እንስራዋን ጥላ በረረች።

ስትደርስ ጭራቁ ከጓሮ ተጎንብሷል። ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው፤ እንጉዳይ ድምጿን ከሰማች ትከፍታለች።

«ድንቡሼ፣ ክፈችልኝ!» እንጉዳይ ከመደቡ ወረደች። ድብልብሉ ነገር «እም» አለ።

«ድንቡሼ፣ ክፈችልኝ!» እንጉዳይ መወርወሪያውን ያዘች። ድብልብሉ ነገር «እምምም» አለ።

«ድንቡሼ፣ ክፈችልኝ!» መወርወሪያው ሲንሿጠጥ አንጓች ሰማች። ግን ከበሩ በፊት ቀፎው ተከፈተ።

አዎ፣ የንብ ቀፎ ነበር። ንቡ በአፉ ገባ፣ በአፍንጫው ወጣ፣ ጆሮው ውስጥ ሠርግ ደገሰ። ጭራቁ ዓይኑ አብጦ የፊቱን ሳያይ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ገደሉ ጋ ደረሰ፤ መሬት አለ ብሎ ረገጠ፤ አልነበረም። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ እናት መጣች። «ድንቡሼ፣ ክፈችልኝ።»

«በዚህ ስም አንከፍትም» አለች አንጓች ከውስጥ። «እጅሽን በበሩ ሥር አሳይን።»

እናት ግራ ቢገባትም የተጣመመች ትንሽ ጣቷን አሾለከች። እንጉዳይ ጎንበስ ብላ አሸተተቻትና «እሷ ናት» ብላ ፈረደች።

አንጓች ሳትደብቅ ሁሉንም ተናገረች፤ አለቀሰችም። «እኔ ነኝ የሰጠሁት፣ እማዬ። ገንዘብ ስላልጠየቀኝ ምንም ያልሰጠሁት መስሎኝ።»

እናት ሁለቱንም አቀፈቻቸው። «ስሙ ሄዷል፤ እናንተ ግን አላችሁልኝ። ወዲያው ስለነገርሽኝ ሌላ ስም እናወጣለን» አለችና በየጆሯቸው አንሾካሾከች።

የመስታወቱን ስብርባሪ ጎርፍ ወስዶ በየአገሩ በተነው። ስልክ ላይ «እንኳን ደስ አለህ፣ ተመርጠሃል፣ በነፃ ነው፣ ስምህንና የምስጢር ቁጥርህን ብቻ ላክ» የሚል ካያችሁ ስክሪኑን ጠረግ አድርጉት። አልጠራ ካለ፣ እርጥበቱ ከውስጥ ነው።

አዲሱ የቤት ስም ማን ተባለ? ይሄን እንደምትጠይቁኝ አውቄ ነበር። ተረቴን መልሱልኝ፤ ስሙን ግን አፌን በዳቦ ብታብሱልኝም አልናገርም።