የላዩን ንፋስ ማን ጠየቀው?

ልናገር? «ተናገሪ!» በሉኛ!

ሶልያና የምትባል ፈሪ ልጅ ነበረች። ዘንድሮ ግን ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ጀምራለች። አንድ ነገር ብቻ ፈለገች፦ አዲስ የተወለደ ወንድሟን ማየት። ወንድሟ ያለው ከተራራው ማዶ፣ ሆስፒታል፣ እናቷ እቅፍ ውስጥ ነው። መንገዱን ደግሞ ጎርፍ ቆርጦታል። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያው ሄደች።

«አውሮፕላን፣ ሂጂና እናቴን አምጪልኝ!»

«ካፒቴን ሳይነዳኝ? አላመጣም!» አለች ትንሿ አውሮፕላን።

ወደ ካፒቴኑ ሮጠች። «ካፒቴን ሐዲስ፣ አውሮፕላኗ እናቴን አላመጣም አለች፤ ያስነሷት!»

«የአየር ትንበያ ሳልይዝ ያንን ተራራ? ቀልደኛ! አላስነሳም።»

ትንበያ ወደምትሠራው ሴትዮ ሮጠች። «እትዬ ሽታዬ፣ ካፒቴኑ አላስነሳም አሉ፣ አውሮፕላኗ እናቴን አላመጣም አለች፤ ይተንብዩላቸው!»

«የታቹን ንፋስ አውቃለሁ፣ የኔ እናት። የላዩን ማን ነገረኝ? ዋሽቼ ሰው ልጨርስ? አልተነብይም።»

ወጥታ ወደ ተራራው ጮኸች። «ንፋስ፣ እትዬ ሽታዬ አልተነብይም አሉ፣ ካፒቴኑ አላስነሳም አሉ፣ አውሮፕላኗ እናቴን አላመጣም አለች፤ ተናገር!»

«እዚህ መጥቶ ላልነካኝ አልናገርም!» አለ ንፋስ።

ይሄኔ ከተራራው በላይ አንድ ትልቅ የጭነት አውሮፕላን እያጉረመረመ መጣ። ሶልያና አውሮፕላኖችን በሬዲዮ ወደሚያነጋግሩት ሰውዬ በረረች።

«ጋሽ ደርቤ፣ ንፋስ አልናገርም አለ፣ እትዬ ሽታዬ አልተነብይም አሉ፣ ካፒቴኑ አላስነሳም አሉ፣ አውሮፕላኗ እናቴን አላመጣም አለች፤ ያንን ይጠይቁልኝ!»

«መንገደኛውን? ጠርቼ ምን ልበለው? ‹ንፋሱ ተስማማህ ወይ?›»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሶልያና ሹልክ ብላ ልትወጣ ነበር፤ ግን ቆመች።

«አዎ፣ እንደሱ ይበሉት!» አለች። ድምፅዋ ወጣ! «አውሮፕላን የንፋስ መለኪያ አለው፣ ተምረናል። ንፋሱን እየነካው እኮ ነው የሚያልፈው!»

ጋሽ ደርቤ ሳቁን ተዉና ሬዲዮውን አነሱ።

«ንፋሱ ለስላሳ ነው፣ ከምሥራቅ» አለ ከላይ ያለው ፓይለት። «ደመናውም ከሥሬ ነው። ጠያቂ ጠፍቶ ነው እንጂ ድሮ እነግራችሁ ነበር!»

ያኔ የጭነት አውሮፕላኑ ለጋሽ ደርቤ ተናገረ፣ ጋሽ ደርቤ ለእትዬ ሽታዬ ተናገሩ፣ እትዬ ሽታዬ ለካፒቴኑ ተነበዩ፣ ካፒቴኑ አውሮፕላኗን አስነሱ፣ አውሮፕላኗ ተራራውን ዘለለች። ካፒቴኑም ከላይ ሆነው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የንፋሱን ነገር ለእትዬ ሽታዬ ነገሩ።

አውሮፕላኗ እናቷን አመጣች፣ እናቷ ወንድሟን አቀበለቻት።

ወንድሟ አንድ ዓይኑን ገለጠ፣ አያት፣ አዛጋ።

ተረቴ አረፈች፤ ቀበቷችሁን ፍቱ!