ቢተው ለእርቅ የመጣ ዕለት

ሰው ሁሉ በአፉ የሚያዘወትራት አንዲት አባባል አለች። መጀመሪያ የተነገረችው አንድ እርቅ በተበላሸበት ቀን ነው ይላሉ፤ እንዲህ ነው ነገሩ።

ቢተው የሚባል ገበሬ ነበር። ለጎረቤት ደግ፣ ለእንግዳ በሩን የማይዘጋ ሰው ነው፤ እቤቱ ሲገባ ግን ዱላው ከሚስቱ ከስንዱ ጀርባ አይወርድም። ልጃቸው የሻረግ ያደገችው የአባቷን ኮቴ እያዳመጠች ነው፤ ከበድ ካለባት ታናሽ ወንድሟን ይዛ ከጎታው ኋላ ትሸጎጣለች። በመጨረሻ ስንዱ በጥፊ ብዛት አንድ ጆሮዋ ሲደነቁር ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች።

ሰባት ዓመት አለፈ። ቢተው ንስሐ ገባ፣ ዱላውንም ተወ፤ ብቸኝነቱ ሲጠናበት ሽማግሌ ላከ። በሰንበት ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ሽማግሎቹ እስከ ምሳ ሊጨርሱት ቸኩለዋል፤ ባል ያጠፋል፣ ሚስት ትችላለች፣ በቃ ቤትሽ ግቢ እያሉ ስንዱን አጣደፏት። የሻረግ እናቷ አንገቷን ስትደፋ አየች፤ እሺ ልትል እንደሆነ ገባት።

ቢተውም ተጠየቀ። "እውነቱን ለመናገር ይህን ያህል የበደልኳት አይመስለኝም። በንዴት አንድ ሁለቴ ይሆናል፤ ትዝም አይለኝ" አለ።

አልዋሸም፤ ንስሐ ከገባ ወዲህ ከልቡ ረስቶታል። ወዲያው ዓይኑ ልጁ ላይ አረፈ። ለአቅመ ሔዋን ደርሳ ሲያያት ደስ ብሎት ሊስማት ተነሣ። ራሷን ሊዳብስ እጁን ሲዘረጋ፣ የሻረግ በሁለት ክንዷ ፊቷን ሸፍና ኩርምት አለች። ስንዱም ሳታስበው ዘላ ከመሃል ገባች።



"ልስማት እኮ ነው" አለ ቢተው፣ እጁን ሰብስቦ።

"አውቃለሁ አባዬ" አለች የሻረግ። "እኔ አውቃለሁ፤ ገላዬ ነው እንቢ ያለኝ።"

ቀድሞ ስንዱን ሲያጣድፉ የነበሩት አንጋፋው ሽማግሌ አባ ተድላ አፈሩ። ማንም እንዳያስገድዳት፣ የመሬት ድርሻዋን ይዛ ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ፈረዱ። ቢተው እያለቀሰ፣ እኔ የረሳሁትን እነሱ እስከ መቼ ይዘውት ይኖራሉ ብሎ ጠየቀ።

አባ ተድላ ክንዱን ይዘው አስቀመጡትና፣ "ልጄ፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" አሉት።