ጀርባውን ሰጥቶ የሚበላው ሰው

ኪሩቤል የሚባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መምህሩ ዘንድ መጣ። በዚያ መንፈቅ ተማሪዎቹ ከሩቅ አገር ተማሪዎች ጋር በኢንተርኔት እየተገናኙ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይሠሩ ነበር። ከእሱ ጋር የተመደበችው ልጅ ግን እሱ መናገር ሲጀምር ካሜራዋን ታጠፋለች።

«መምህር፣ ልተወው ነው» አለ። «በስክሪን ብቻ የማየውን ሰው ስሜት እንዴት ልረዳ እችላለሁ?»

መምህሩ ወንበር ሳቡለትና እንዲህ አሉ፦

ማሳው ገደል አፋፍ ላይ የሆነ አንድ ገበሬ ነበረ። ከገደሉ ማዶ ሌላ ገበሬ ያርሳል። በመካከላቸው መሻገሪያ የለም፤ ዞሮ መሄድ ቀናት ይፈጃል። የማዶዎቹ ወጋቸው ሌላ ነው፤ የገበያ ቋንቋ ግን ያግባባቸዋል። ሁለቱም የሚፈሩት ዝንጀሮ ነው። ዝንጀሮ ገደሉን ቧጥጦ ከማሳው ሥር ብቅ ይላል። ባለማሳው ከላይ ስለሆነ አያየውም፤ የሚያየው ማዶ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ አንዱ ለሌላው «ዝንጀሮ መጣብህ!» እያለ ይጮኻል። ገብሳቸው የሚተርፈው በዚህ ብቻ ነው።

የወዲህኛው ገበሬ በሥርዓት ያደገ ሰው ነው። ሰው እያየው «እንብላ» ሳይል አይጎርስም። ምሳውን ሲፈታ ወደ ማዶ ዞሮ፣ ቂጣውን ከፍ አድርጎ «እንብላ!» ይላል። የማዶው ሰው አየት ያደርገዋል፤ ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጥና የራሱን ምሳ ይበላል። በነጋታውም እንዲሁ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ።

ገበሬው ውስጡ ተቃጠለ። ሚስቱ «አልሰማህ ይሆናል» ብትለው፣ «ዝንጀሮ ስለው ይሰማል፣ እንብላ ስለው ይደነቁራል?» አላት። ከሰው እንዳልቆጠረው እርግጠኛ ሆነ።

አንድ ጠዋት ዝንጀሮዎች በማዶው ሰው ማሳ ሥር ሲወጡ አየ። አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዝንጀሮዎቹ የማሳውን አንድ ጥግ አወደሙት። የማዶው ሰው በዱላ አባረራቸው፤ ከዚያ አፋፉ ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ወደዚህ ተመለከተ።

ከሰዓት በኋላ ከማዶ ጩኸት ተሰማ። «ወንድሜ፣ ከሥርህ እየወጡ ነው! በግራህ በኩል!» ገበሬው ሮጦ ደረሰ። ገብሱ ተረፈ፤ እሱ ግን መሬት ብትውጠው በወደደ። ዛሬ ሳልጠይቀው አልገባም ብሎ ቆረጠ።

አፋፉ ላይ ቆሞ «ምሳ ስትበላ ጀርባህን የምትሰጠኝ ምን በድዬህ ነው?» አለ። ንፋሱ ወሰደበት። ደግሞ ጮኸ። ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። በመጨረሻ መልሱ መጣ።

«እኛ ዘንድ ልታጎርሰው ለማትችለው ሰው ምግብ ማሳየት ነውር ነው። እጄ አይደርስልህም፤ ስለዚህ ዞሬ እበላለሁ። አንተ ግን ቂጣህን ከፍ አድርገህ ታሳየኛለህ። የምታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር።»

ገበሬው ቁጭ አለ። «ጠዋት ዝንጀሮዎቹን አይቼ ዝም አልኩ» አለው።

«አውቃለሁ። ስታያቸው አይቼሃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጮኽክልኝ?»

«ያንተን ማሳ ሥር ከእኔ በቀር ማን ያየዋል?»

በማግስቱ ምሳ ሰዓት አንዱ «እንብላ!» አለ፤ ሌላው ጀርባውን ሰጠ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው በሉ።

መምህሩ ወደ ኪሩቤል ዞሩ። «ያ ገደል ያንተ ስክሪን ነው። ልጅቷ ካሜራዋን ለምን እንደምታጠፋ እኔም አላውቅም። ንቃህ ይሆናል፤ አክብራህም ይሆናል። ቁጭ ብለህ ብታሰላስል አትደርስበትም፤ የሰው ስሜት የሚገኘው ከራሱ ከሰውየው ነው። ብትተወው ደግሞ ሥራው የሁለታችሁ ስለሆነ እሷንም ይዘሃት ትወድቃለህ፤ አንተም ከራስህ ሥር ያለውን የሚያይልህ ሰው ታጣለህ። ስለዚህ አትተወውም። ጠይቃት፤ መስመሩ ቢቆራረጥ ደግመህ ጠይቃት። አጠያየቅህን ግን ከገበሬው ተማር። ያን ሁሉ ቀን ተቃጥሎ እንኳ፣ አፉን ሲከፍት ‹ለምን ናቅኸኝ› አላለም። ‹ምን በድዬህ ነው› አለ።»