ገመድ የሚጠጣበት ምንጭ

ከጎሽ ሜዳ ቁልቁል ሲወርዱ ከዋርካው ሥር የምትፈልቀው ምንጭ ስሟ ገመድ ማጠጫ ነው። የከብት ማጠጫ እንዳይመስላችሁ፤ የምታጠጣው ገመድ ነው። የአገሩ ሰው ርስት ሲካፈል መለኪያ ገመዱን እዚህ ሳይነክር፣ ነክሮም በክንዱ ሳይለካ ስንዝር መሬት አይቆርስም።

የነገሩን መነሻ ሽማግሌዎች ሲያወሩት እኔማ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይደልቃል። እንደሚነገረው፣ በጥንት ዘመን አንድ ንጉሥ የአገሩን ስፋት አውቆ ግብሩን ሊደለድል ፈለገና አዛዥ ክፍሎ የሚባል ሹም ቀላድ አስይዞ ላከ። ቀላድ ስድሳ ስድስት ክንድ የሚረዝም፣ ከጠፍር የተሠራ የመሬት መለኪያ ነው። ጎሽ ሜዳ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሃያ ጋሻ ተብሎ ሲገብር ኖሯል፤ በዚያ በጋ ግን ቀላዱ ሲጣል ሃያ አራት ሆኖ አረፈው። ትርፍ የተባለው አራት ጋሻ ለንጉሥ ይሁን ተባለ፤ እሱም እመት ትርንጎ የምትባል ባልቴት ከምንጩ በታች ከጎረቤቶቿ ጋር የምታርሰው ነበር።

ትርንጎ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቀንበሯን በገዛ እጇ የምትጠፍር ሴት ናትና ጠፍር ሲደርቅ እንደሚኮማተር ታውቃለች። ያ ቀላድ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ በበቅሎ ጀርባ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል፤ ያጠረ ገመድ ያንኑ መሬት አብዝቶ ይቆጥራል። ከሰው መሐል ወጥታ እጅ ነሣችና፣ «ጌታዬ፣ ቀላዱን በክንድዎ ይለኩልኝ» አለች።

«ንጉሥ ይሙት፣ ስድሳ ስድስት ነው» ብሎ ማለ አዛዡ።

ማለና ለካ። ስድሳ ሆነ። በንጉሥ ስም በሐሰት የማለ ምን እንደሚደርስበት ያውቃልና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጠምቶት ነው ጌታዬ፤ እናጠጣው» አለች ቶሎ ብላ።

ገመዱ ምንጩ ውስጥ ተነክሮ ዋለ፤ ሲወጣ ሰባ ክንድ ሆነ ይባላል። አገሬው በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ፤ በዚህ ከተለካ ሃያውም ጋሻ አይሞላም፣ ግብሩ ሊቀንስ ነው። «ይጣል፣ ይጣል» እያለ ሲያጣድፍ ትርንጎ ሄዳ ገመዱ ላይ ተቀመጠችበት።

«እኛ ዛሬ በረጅም ካስለካን፣ ሌላው ሹም ነገ አድርቆት ይመጣል» አለቻቸው።

እየተቆጧት፣ እየለመኗት፣ ጠፍሩ ጠፍፎ ስድሳ ስድስት እስኪገባ አልተነሣችም። ያን ጊዜ ተጣለ፤ ልክ ሃያ ጋሻ ሆነ። አራቱም ጋሻ ለባለቤቶቹ ጸና።

አምና አንድ ወጣት ቀያሽ የብረት ሜትር ይዞ ወደ ጎሽ ሜዳ መጥቶ ነበር። «አባባ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው፤ አይረዝም፣ አያጥር» ቢላቸው፣ የቀዬው ሽማግሌ ከእጁ ተቀብለው ምንጩ ውስጥ ነከሩትና ክንዳቸውን ዘረጉ።

«ይሁን ልጄ» አሉት፤ «አዛዡም ምሎ ነበር።»