አያ ጅቦ የመረጠው ሣር

እስቲ ጆሯችሁን አምጡ። በድሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ አንድ ዳማ ፈረስ ነበር፤ ፈጣን፣ ግን የነገሩትን ሁሉ የሚያምን። አንዲት አህያም ነበረች፤ ዝግተኛ፣ ግን ሳታሸት የማትበላ። ጅብም ነበር። የእሱን ጠባይ ታውቁታላችሁ።

ጅቡ ፈረሱን ሮጦ አይደርስበትም። ስለዚህ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መስኩ ዳር ተቀመጠና፣ «ጌታው ዳማ» አለው፤ «ደረቁ ላይ ያለው አጭር ሣር የአህያ ነው። የአንተ ቢጤ የሚበላው ረግረጉ ዳር ያለውን ረጅሙን ነው።» ጅብ በቀን ምን ይሠራል እንዳትሉኝ! ለሆዱ ሲል ፀሐይ ይችላል።

ረጅሙ ሣር ዝናብ ሲወርድበት ከርሞ ፍሬው ጠቁሯል፤ ሥሩም ሻጋታ ይዟል። ፈረሱ አላየም። በላ።

በመጀመሪያው ቀን እግሩ ተንቀጠቀጠ። የፈረሱ ባለቤት ደምለው ግራ ገባው። «የሰው ዓይን ነው» አለና ክታብ አሰረለት። «ይጠገን» ብሎም እዚያው ረጅሙ ሣር ላይ ለቀቀው።

በሁለተኛው ቀን ፈረሱ ባለበት ይዞር ጀመር። ደምለው ይብስ ግራ ገባው። «ኮርቻው ነው የጎዳው» አለና ኮርቻውን ጣለ። «ይጠገን» ብሎም እዚያው ሣር ላይ ለቀቀው።

በሦስተኛው ቀን ፈረሱ ወደቀ። ተነሣ፤ ደግሞ ወደቀ። «እህቴ አህያ፣ ሁለት ናችሁ እንዴ?» አለ። አትሳቁ! እሱ እያለቀሰ ነው።

ደምለው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «ዓይን አይደለም፣ ኮርቻ አይደለም፤ ታዲያ ምንድን ነው? እስከ ማታ ካልተሻለው ወንዙ ማዶ ከመጣል በቀር ምን አደርጋለሁ?»

ማዶ የተጣለ ከብት የማን እራት እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ጅቡ ምራቁን ዋጠ።

አህያዋ ግን ጅቡ ለፈረሱ ያለውን ሰምታ ነበርና ሄዳ ረጅሙን ሣር አሸተተች። አስነጠሳት።

«አያ ጅቦ፣ እውነት ይህ የጌታ ምግብ ነው?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ቅመስና ልመንህ። አለዚያ ለደምለው ሣሩን እይ እለዋለሁ።»

ጅብ ሣር አይወድም። ግን እራቱ እንዳያመልጠው ፈርቶ ጎረሰ። «ድገም!» አለችው፤ ደገመ። «ሠልስ!» አለችው፤ ሠለሰ።

ጥቂት ቆይቶ ጅቡም ይዞር ጀመር። ወደ ጫካ የሸሸ መስሎት ደምለው ደጃፍ ደረሰ። ደምለው ዱላውን ይዞ ሲወጣ፣ ለጅቡ ሁለት ደምለው ታየው። በመካከላቸው ሹልክ ልበል ሲል እውነተኛው ዱላ ላይ ገባ።

ደምለው ጅቡን አየ፤ ፈረሱን አየ። ሁለቱም ይንገዳገዳሉ። የሁለቱም ከንፈር ላይ የጠቆረ የሣር ፍሬ ተለጥፏል።

«ወይኔ ሰውዬው! መድኃኒት ብዬ ያበላሁት በሽታውን ነው!» አለ።

ያን ጊዜውኑ ፈረሱን ወደ ደረቁ አወጣው፤ ደረቅ ድርቆሽና ንጹሕ ውኃ ሰጠው። ረግረጉንም በእሾህ አጠረው። ከሳምንት በኋላ ፈረሱ ቀና ብሎ፣ «እህቴ አህያ፣ ለካ አንድ ነሽ!» አላት።

«አንድም ብሆን በቅቼሃለሁ» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ጅብ ሲሄድ ያነክሳል። ከዱላው ይሁን ከሣሩ፣ እኔም እስከ ዛሬ ግራ እንደገባኝ ነው። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፦ ከብትህ ሲታመም አንገቱ ላይ ክታብ ከማሰርህ በፊት አፉ ውስጥ ያለውን እይ።

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ አሽትታችሁ ብሉ።